በማርማላታ ጠርሙስ የመጣችው ዓሣ

የዛሬው ጨዋታችን ከትንሿ ጣቴ ስለማትረዝም አንዲት ዓሣ ነው። ታሪኩ እኔን የሚያኮራ አይደለም። ልጄ ግን፣ "ጻፈው አባዬ፤ ሌሎች ልጆች እንዳይሳሳቱ" ስላለችኝ እነሆ ጻፍኩት።

ጊዜው ሰኔ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ክረምቱ ሲገባ እዚህ ሮም በጋው ይጀምራል። አንድ ወዳጃችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ትንሽ የአትክልት ቦታ አለው። ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ ያበቅልበታል። አንድ እሁድ ትልልቆቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ቡና ስናፈላ፣ ልጆቹ በአትክልቱ ዳር ወዳለው የመስኖ ቦይ ሄዱ። ቦይ ማለት ውሃ እንዲፈስበት የተቆፈረ መስመር ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የአሥር ዓመቷ ልጄ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ተመለሰች። በአንድ እጇ የወዳጃችንን የፓስታ ማጥለያ፣ በሌላው እጇ የማርማላታ ጠርሙስ ይዛለች። በጠርሙሱ ውስጥ አራት ግራጫ ዓሦች ይዋኛሉ።

"አባዬ፣ ወደ ቤት እንውሰዳቸው? እባክህ!"

እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። በልጅነታችን ከጣና ዳርቻ ትንንሽ ዓሣ በጨርቅ እያፈስን በቆርቆሮ እንይዝ ነበር። ማታ ላይ ሁሉም ይሞታሉ፤ እኛም በማግስቱ ሌላ እናፍሳለን። ይህ ትዝታ መጣብኝና ደስ አለኝ። "እሺ፣ እንውሰዳቸው" አልኩ። ምን ዓሣ እንደሆኑ አልጠየቅኩም። ስማቸውን ሳላውቅ ቤቴ አስገባኋቸው።

ቤት ስንደርስ ሁሉን ነገር በደንብ የሠራን መስሎን ነበር። ከጎረቤት 30 ሊትር የሚይዝ አሮጌ የመስታወት ገንዳ ተዋስን። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በባልዲ ቀድተን፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ሙሉ ክፍት አስቀመጥነው። ጠጠር አጥበን ከታች አነጠፍን፤ የውሃ ተክልም ገዛን። ዓሣ የሚኖርበትን ውሃ ራሱ ያቆሽሻል። ከስንጥቡ፣ ማለትም ከሚተነፍስበት አካል፣ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በአንድ ገንዳ ውስጥ ይህን መርዝ የሚያጠፉ ባክቴሪያዎች ለመራባት ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። የኛ ገንዳ አዲስ ስለሆነ ባክቴሪያ አልነበረውም። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ የውሃውን ሩብ እየቀዳን በአዲስ እንተካ ነበር።

የክፍሉ ሙቀት 28 ዲግሪ ደርሷል። ዓሦቹ ግን ምንም አልመሰላቸውም። ይበላሉ፣ ይሯሯጣሉ። እኔም ጎበዝ አሳዳጊ የሆንኩ መሰለኝ። ነገሩን ቢያስቡት ይህ ራሱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ልጄ ጮኸች። እየሮጥኩ ሄድኩ። በተክሉ ቅጠሎች መካከል፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ፣ ትልልቅ ዓይን ያላቸው ነገሮች ይርመሰመሳሉ። አሥራ አንድ ቆጠርን። ትልቋ ዓሣ ደግሞ ከኋላቸው ታሳድዳለች። ልጆቿን ልትበላቸው ነበር! ልጄ ትንንሾቹን በማንኪያ እየጨለፈች ወደ ሰላጣ ሳህን አሸጋገረቻቸው።

ወዲያው ባሕር ዳር ወዳለችው እናቴ በቪዲዮ ደወልን።

"እማማ፣ ዓሣዬ ወለደች!"

"ምን አልሽ የኔ እናት? ዓሣ ደግሞ መቼ ወልዶ ያውቃል? ዓሣ እንቁላል ነው የሚጥለው።"

"እውነቴን ነው እማማ! ይኸው እይ!"

ስልኩን ወደ ሳህኑ አዞረችው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየች። ከዚያ፣ "እንግዲህ የፈረንጅ ዓሣ ይሆናል" አለች። እኛ ሳቅን። ማታ ላይ ግን እናቴ ልክ እንደነበረች አወቅኩ።

ልጄ ከተኛች በኋላ ማጉያ መነጽር ይዤ ገንዳው አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓሣን ለመለየት ከቀለም አይጀመርም። ቀለም በዕድሜ፣ በወቅት፣ በፍርሃትም ይለወጣል። የሚታመነው ቅርጽ ነው። መጀመሪያ አፍን ተመልከቱ። አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ዓሣ ምግቡን ከውሃው ፊት ላይ ይለቅማል፤ ወደ ታች የተከፈተ ከሆነ ከወንዙ ወለል ይፈልጋል። ቀጥሎ ከአፉ ዳር ጢም አለው ወይ? ጢም ያለው ዓሣ ጭቃና ጠጠር እየዳሰሰ ይኖራል። የአገራችን አምባዛ ጢሙ ረጅም ነው። ከዚያ ጭራውን እዩ፦ እንደ መቀስ ለሁለት የተከፈለ ነው ወይስ እንደ ማራገቢያ ክብ ነው? የጀርባ ክንፉ አንድ ነው ወይስ ሁለት? መሐል ጀርባው ላይ ነው ወይስ ወደ ጭራው ሸሽቷል? በመጨረሻ በጎኑ ላይ ከራስ እስከ ጭራ የሚሄድ ቀጭን የነጥብ መስመር ፈልጉ። ብዙ ዓሦች የውሃውን እንቅስቃሴ የሚሰሙት በዚያ መስመር ነው።

የኛዎቹ አፋቸው ወደ ላይ ነው። ጢም የላቸውም። ጭራቸው ክብ ነው። የጀርባ ክንፋቸው ወደ ኋላ ሸሽቷል። የጎን መስመር አልታየኝም። ትንሹ ወንድ ደግሞ ከሆዱ ሥር፣ ክንፍ መሆን በነበረበት ቦታ፣ ቀጭን ዘንግ መሳይ ነገር አለው። በዚያ ላይ ሴቷ ወልዳለች። በሮም ወንዞች ከጥንት ጀምሮ የኖሩት ዓሦች በሙሉ እንቁላል ጣዮች ናቸው። ሁሉም ምልክት ወደ አንድ ስም ወሰደኝ፦ ጋምቡዚያ።

ጋምቡዚያ አገሯ ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ነው። ታዲያ ወደ ሮም ቦይ ምን አመጣት? ወባ ናት ያመጣቻት። በሮም ዙሪያ ያለው ሜዳ ለብዙ መቶ ዓመታት የወባ አገር ነበር። ወባን ለሰው የምታስተላልፈው አኖፊለስ የምትባለው ትንኝ መሆኗን ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲና ባልደረቦቹ እዚሁ ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1898 አረጋገጡ። የትንኝ ልጆች ውሃ ውስጥ ያድጋሉ። እንግዲያው እነሱን የሚበላ ዓሣ እናምጣ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1922 ጋምቡዚያ ጣሊያን ገባች፤ በየረግረጉና በየቦዩም ተለቀቀች። ይህችው ዓሣ በዚሁ ምክንያት ወደ ኢትዮጵያም ገብታለች።

ሐሳቡ ለሰው ሕይወት ተብሎ ስለነበር አልፈርድባቸውም። በወባ ልጅ የቀበረ ሰው ስለ እንቁራሪት አያስብም። ጣሊያን ከወባ ነፃ መሆኗ በዓለም ጤና ድርጅት የተመዘገበው ግን እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ረግረጉን ማድረቅ፣ ኪኒንና ከጦርነቱ በኋላ የተረጨው ዲዲቲ ትልቁን ሥራ ሠሩ። ጋምቡዚያዋ ግን ሥራዋ ሲያልቅ አገሯ አልተመለሰችም። የእንቁራሪት ልጆችን ትበላለች። የሌሎች ዓሦችን እንቁላልና ጫጩት ትበላለች። የትልልቆቹን ክንፍ ትነክሳለች።

ያን ሌሊት አንድ ሌላ ነገርም አነበብኩና እንቅልፍ አጣሁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ቁጥሩ 1143 የሆነ ሕግ አውጥቷል። ከውጭ መጥተው የአገሩን ተፈጥሮ የሚጎዱ እንስሳትና ተክሎች በስም ተዘርዝረዋል። በዝርዝሩ ያለውን እንስሳ ቤት ማኖር፣ ማርባት፣ ማጓጓዝ፣ መሸጥ፣ ወደ ውሃ መልቀቅም የተከለከለ ነው። ከእስያ የመጣችው ፕሴውዶራስቦራ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ልጆች በቀለሟ የሚወዷት ፔርሲኮ ሶሌ በ2019 ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ። ጋምቡዚያ በ2022 ተጨመረች። እኔ ደግሞ ከቦይ አውጥቼ፣ በመኪና አጓጉዤ፣ ቤቴ አኑሬ፣ ይባስ ብዬ አራብቻቸዋለሁ። አራቱንም በአንድ ጊዜ!

ጠዋት ለልጄ ነገርኳት። ሰው በትንሽ ልጅ ፊት ሲያፍር እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

"እሺ፣ ወደ ቦዩ እንመልሳቸዋ" አለች።

"አይቻልም። መልቀቅም የተከለከለ ነው።"

"ግን እዚያው አይደል የነበሩት? እዚያ እኮ በጣም ብዙ አሉ።"

"አሉ። ግን አሁን አሥራ አምስት ሆነዋል። በአዲስ ገንዳ፣ ከሱቅ በመጣ ተክል መካከል ቆይተዋል። ምን በሽታ እንደያዙ አናውቅም።"

"እና ምን እናድርጋቸው?"

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አልነበረኝም። ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ሴት አልተቆጣችም። እንዳልለቃቸው፣ ለሌላ ሰውም እንዳልሰጥ ነገረችኝ። የእንስሳት ሐኪም ያለ ሥቃይ ሊያስተኛቸው እንደሚችልም አስረዳችኝ። "ማስተኛት" ማለት ምን እንደሆነ ልጄ ገብቷታል። ሐኪሙ ጋ ስሄድ አብራኝ እንድትመጣ ጠየቅኳት፤ አልመጣችም። ባዶውን ጠርሙስ ይዤ ስመለስ ክፍሏ ውስጥ ነበረች።

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሁለተኛው ቀን ማታ እራት ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ "አንተ ነህ 'እሺ' ያልከው።" እውነቷን ነው። እሷ አሥር ዓመቷ ነው፤ ጠየቀች። መጠየቅ የልጅ ሥራ ነው። "ቆይ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆኑ እንወቅ" ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ራሷ መጣች። "እሺ፣ የሮም የራሷ ዓሣ የትኛው ነው?" አለች።

እኔም አላውቅም ነበርና አብረን ፈለግን። በቴቬሬና ወደ እሱ በሚገቡት ወንዞች ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የኖሩ ትንንሽ ዓሦች አሉ። ብዙዎቹን ለሳይንስ ያስተዋወቃቸው ሰው ሮም ውስጥ ይኖር የነበረ ቦናፓርት ነው። አዎ፣ የናፖሊዮን ወንድም ልጅ! ሻርል ሉሲየን ቦናፓርት ጦርነት ሳይሆን ወፍና ዓሣ ነበር የሚወደው። እ.ኤ.አ. ከ1832 እስከ 1841 በሮም ስለ ጣሊያን እንስሳት ባለ ሥዕል መጽሐፍ በክፍል በክፍል አሳተመ።

ከእሱ ዓሦች ልጄ የወደደችው ሮቬላን ነው። ሮቬላ ብዙ ጊዜ ከአንድ እጅ መዳፍ አትበልጥም። ጭራዋ እንደ መቀስ የተከፈለ ነው። በጎኗ ጠቆር ያለ መስመር ያልፋል፤ የሆዷ ክንፎች ቀላ ያሉ ናቸው። በመራቢያው ወቅት፣ በጸደይ፣ የወንዱ ራስ ላይ ነጫጭ ትንንሽ እብጠቶች ይወጣሉ፤ ብጉር ይመስላሉ። መኖሪያዋ በመካከለኛው ጣሊያን በምዕራብ በኩል ያሉት ወንዞች ናቸው። በዓለም ላይ ሌላ አገር የላትም።

እሷን ከትንሽ ካቬዳኖ ጋር ማምታታት ቀላል ነው። ካቬዳኖ ሲያድግ ግማሽ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ልጅ ሳለ ግን ሮቬላን ያክላል። ራሱ ሰፊ፣ አፉ ትልቅ ነው። የቅርፊቶቹ ዳር ጠቆር ስለሚል ጎኑ መረብ የተጣለበት ይመስላል። ቫይሮኔ የሚባለው ደግሞ ቀዝቃዛና ፈጣን ውሃ ይወዳል። ጢም ካያችሁ ባርቦ ነው፤ አራት ጢም አለው። ቦናፓርት ለዚህኛው ዓሣ ስሙን ያወጣለት ከቴቬሬ ወንዝ ነው።

እኔን የማረከኝ ግን ጊዮዞ ነው። ሙሉ ስሙ ጊዮዞ ዲ ሩሼሎ፣ የጅረት ጊዮዞ ነው። ጀርባው ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ክንፍ አለው። የሆዱ ክንፎች ተጋጥመው እንደ ትንሽ ሲኒ ሆነዋል፤ በእነሱ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል። ሴቷ ከድንጋይ ሥር እንቁላሏን ትጥላለች፤ እስኪፈለፈል የሚጠብቀው አባትየው ነው። አሁን ይህ ዓሣ ተቸግሯል። ከሰሜን ጣሊያን፣ ከፖ ወንዝ በኩል፣ የአጎቱ ልጅ የሚሆን ሌላ ጊዮዞ በሰው እጅ ወደ ቴቬሬ ወንዞች ገብቶ ድንጋዩን ይቀማዋል። እንግዳ ዓሣ የግድ ከአሜሪካ መምጣት የለበትም ማለት ነው። ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው በባልዲ መሻገር ብቻ ይበቃል።

በዚያው ሰሞን ለሌላ ጉዳይ ቴርሚኒ ሄደን ነበር። ቴርሚኒን የማያውቅ የሮም ሐበሻ የለም። ከጣቢያው አጠገብ፣ ፒያሳ ማንፍሬዶ ፋንቲ ላይ፣ በአትክልት መሐል አንድ ክብ፣ ያማረ ሕንፃ አለ። ስንት ዓመት በአጠገቡ አልፌያለሁ! ስሙን አንብቤ አላውቅም ነበር። አኳሪዮ ሮማኖ ይባላል፤ የሮም የዓሣ ቤት ማለት ነው። ከኮሞ የመጣ ፒየትሮ ጋርጋኒኮ የተባለ ዓሣ አርቢ አሳስቦት፣ ኤቶሬ በርኒክ ንድፉን ሠርቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ተከፈተ። ሕዝቡ ዓሣ እንዲያይበት፣ ዓሣም እንዲረባበት ታስቦ ነበር። የዓሣ ቤትነቱ ግን ብዙ አልቆየም። ዛሬ የአርክቴክቶች ቤት ነው። ልጄ በአጥሩ በኩል አጮልቃ፣ "ይኼን ሁሉ ሠርተው ዓሦቹ አልቆዩም?" አለች። የኛ ገንዳ ሳያስባት አልቀረም።

ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ መጣ። "ሮቬላንስ ቤት ማኖር ይቻላል?"

በጣሊያን ከወንዝና ከሐይቅ ዓሣ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል። በየትኛው ወር፣ ምን ያህል ቁመት ያለውን ዓሣ መያዝ እንደሚፈቀድ የሚወስነው ክልሉ ነው። በተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ውስጥ ደግሞ እንስሳ መያዝ ክልክል ነው። ሮቬላ፣ ቫይሮኔና የጅረት ጊዮዞ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው የአውሮፓ ሕግ መኖሪያቸው እንዲጠበቅ በስም ተጠቅሰዋል። ከሕጉ ባሻገር የውሃው ነገር አለ። ውሃ ሲሞቅ በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በ10 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ግን ወደ ሰባት ተኩል ይወርዳል። በሐምሌ ሙቀት በአራተኛ ፎቅ ላይ የወንዝ ዓሣ ማኖር ማለት ቀስ በቀስ ትንፋሹን መያዝ ነው። ውሃ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ፣ ሞገድ የሚሠራ ፓምፕና ትልቅ ገንዳ ያለው ሰው፣ ፈቃዱንም ካገኘ፣ ይሞክረው ይሆናል። እኛ አቅሙም ቦታውም የለንም። እናንተ የምትኖሩበት አገር ሕግ ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ ማጥለያውን ከማንሳታችሁ በፊት ወላጆቻችሁ ይጠይቁላችሁ።

ቤት ማምጣት ካልተቻለ ቤታቸው ሄዶ ማየት ይቻላል። ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ወሰድን። የታችኛውን ክፍል ቆርጠን፣ በምትኩ ጠንካራ ጥርት ያለ ፕላስቲክ በሲሊኮን አጣበቅን። አንድ ቀን እንዲደርቅ ተውነው። ይህን ባልዲ ውሃው ላይ ቀስ ብላችሁ ስትጫኑት መስኮት ይሆናል። ፀሐይ ከውሃው ላይ መንጸባረቋ ይቀርና ወለሉ ወለል ብሎ ይታያል። ማንንም አትይዙም፤ ማንም አይሞትም። ወላጅ አጠገብ መኖር አለበት፤ ይኼን ለመናገር እናት ወይም አባት መሆን አያስፈልግም።

በሰኔ መጨረሻ ባልዲያችንን ይዘን ወደ ትሬያ ሄድን። ትሬያ ከሮም በስተሰሜን፣ በማዛኖ ሮማኖ በኩል አልፎ ቴቬሬ የሚገባ ትንሽ ወንዝ ነው። አካባቢው ጥብቅ ፓርክ ነው። ከዳር ሆነን በሆዳችን ተኛን። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ጠጠርና ቅጠል ብቻ። የሰው ጥላ ሲያርፍባቸው ይሸሻሉ። አሥር ደቂቃ ያህል ሳንንቀሳቀስ ቆየን። እኔ ወገቤን አመመኝ፤ ልጄ ግን አልተነሳችም።

"አባዬ!" አለች በሹክሹክታ። "መጡ።"

ሰባት ወይም ስምንት ይሆናሉ። አፍንጫቸውን ወደ ወራጁ አዙረው፣ ቦታቸውን ሳይለቁ ይዋኛሉ።

"አፋቸው?" አልኳት።

"ወደ ፊት። ወደ ላይ አይደለም።"

"ጭራቸው?"

"መቀስ! ጢም የለም። የጀርባ ክንፍ አንድ፣ መሐል ላይ። ጎናቸው ላይ ጥቁር መስመር አለ።" ትንሽ ዝም አለች። "አንዷ ዞረች። ክንፏ ቀይ ነው! ሮቬላ ናት አባዬ፣ ሮቬላ!"

ባልዲውን ተቀብያት አየሁ። ልክ ነበረች።

ማታ ቤት ስንመለስ ደብተር አወጣች። ለእያንዳንዱ ዓሣ ሦስት ቦታ ሰጠች፦ አንዱ ለሥዕሉ፣ አንዱ ለጣሊያንኛ ስሙ፣ አንዱ ለአማርኛ ስሙ። ሦስተኛው ቦታ ባዶ ቀረ። "በአማርኛ ሮቬላ ምንድን ናት?" አለችኝ። እኔ የማውቃቸው የጣና ስሞች ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣና በሶ ናቸው። ልጄ በሶ ስትሰማ ሳቀች፤ ፊደል ስትማር አበበ የሚበላውን በሶ ብቻ ነበር የምታውቀው። በሶ ግን የዓሣም ስም ነው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤዱዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ዓሣውን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ ያንኑ ያገሩን ስም ወሰደለት። ድንጋይ ላይ የምትጣበቅ አንዲት ትንሽ ዓሣ ደግሞ በደምቢያ ስም ጠራት። ምናልባት እኔ በቆርቆሮ የገደልኳቸው እነሱን ይሆናል።

ነጭ ዓሣ የምንለውም አንድ ዓሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ተመራማሪ የጣናዎቹን ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልሏቸው ነበር። በ1990ዎቹ ግን የሆላንድ ተመራማሪዎች ከንፈራቸውን፣ አፋቸውን፣ የራሳቸውን ቅርጽ እየለኩ ወደ 15 የሚሆኑ ዓይነቶች ለዩ። አብዛኞቹ ከጣና በስተቀር የትም የሉም። በዚያው ዘመን ለእንቁላል ወደ ወንዞች ሲወጡ በመረብ እየተጠመዱ ቁጥራቸው በጣም አሽቆለቆለ። ሁሉም ነጭ ዓሣ ተብለው ቢቀሩ ኖሮ የትኛው እየጠፋ እንደሆነ ማን ያውቅ ነበር?

ለሮቬላ የአማርኛ ስም እንድታወጣልን እንደገና እናቴ ጋ ደወልን። ልጄ ሥዕሉን አሳየቻት።

"ክንፏ ቀይ ነው አልሽኝ?"

"አዎ እማማ። ሆዷ ሥር።"

"እንግዲያው ቀይ ክንፎ በያት። ምን ችግር አለው?"

ልጄ "ቀይ ክንፎ" ብላ ጻፈች። ክንፎ የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዛ አስተካከለችው። እናቴ ሥዕሉን እንደገና አየችና ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

"ለመሆኑ ትጠበሳለች?"